እርጥብ ሳንቃ

ሜትር ከኪሴ አይጠፋም፣ እርሳስ ከጆሮዬ፤
ሁለቴ ለክቶ አንዴ መቁረጥ ነው ሙያዬ።
በሂርማታ በኩል፣ ከአናጢዎች ተርታ፣
ዙበይር የሠራው በርጩማ አይነቃነቅም፣
ሰው ቢፈራረቅበት ከጠዋት እስከ ማታ።

ያን ቅዳሜ ግን ሳልለካ ቆረጥኩ።
የሐምሌ ዝናብ ነው፤ አዌቱ ሞልቶ ያጓራል፤
ባጃጅ የለም፤ በረንዳ ተጠጋን፤
ከዚያ በር ተከፈተ፣
ከዚያ... አጭር ነበር። ዝናቡ ሳያባራ አለቀ።
የስሟን ግማሽ ነው የነገረችኝ፣
ሌላውን ግማሽ እኔም አልጠየቅኩ።
ኪሴ ውስጥ ሜትር ነበር። ኮንዶም አልነበረም።

እሑድ፣ ሰኞ፣ መላጊያው ከእጄ አልጸና አለ።
በሆዴ ሁለት ሰዎች ይሟገታሉ፦
አንዱ «ለአፍታ ናት፣ ምን ይዞህ!» ይለኛል፣
ሌላው በገዛ ሜትሬ መቃብሬን ይለካል።
ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ፣
ቫይረሱን ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ነበርኩ፤
በጥቁር ጆንያ ተጠቅልዬ፣ በከሰል ተቀብቼ፤
ሰልፍ ሜዳው ሙሉ አጨበጨበልኝ።
ከዚያ ሁሉ ቃለ ተውኔት የቀረኝ አንድ ቁጥር ነው፤
ሰባ ሁለት ሰዓት።

ማክሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ።
የተራ መጠበቂያው አግዳሚ አንድ እግሩ ያጥራል
(ሙያ ክፉ ነው፣ ፍርሃት መሃልም አይተውህ)።
ሲስተር ኑሪያ በሩን ዘጋችልኝ።
ግሳጼ ጠብቄ ነበር፤ የጠየቀችኝ ሰዓት ነው።
«ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አምስት ገደማ።»
በጣቷ ቆጠረች። «ሃምሳ ስምንት። ደርሰሃል።
ብትፈጥን ግን ይሻል ነበር።
የእሷን ውጤት ታውቃለህ?»
«አላውቅም።»
«ቁስል፣ ደም?»
«የለም። ደግሞ አጭር ነበር» አልኳት፣
ዋጋ እንደሚያስቀንስ ደንበኛ።
«አጭሩም ይቆጠራል። ዕድሉ ትንሽ ነው፤
ትንሽ ማለት ግን ባዶ ማለት አይደለም።»

ጣቴን ወጋች። አንዲት ጠብታ፣ አንዲት መስመር።
ኔጌቲቭ። ትንፋሼ ተመለሰ።
«ቀስ በል፤ ይሄ የቅዳሜን አይነግረንም፤
ከቅዳሜ በፊት የነበረውን ነው።
መድኃኒቱ ሃያ ስምንት ቀን፤ በቀን አንድ፤
ሰዓቱን አታዛንፍ፣ ቢያቅለሸልሽህም አታቋርጥ።
በስድስተኛው ሳምንት ና፣ በሦስተኛው ወር ድገም፤
እስከዚያ ያለ ኮንዶም የለም።
እሷንም ካገኘሃት ንገራት፤ በሩ ለእሷም ክፍት ነው።»
ግማሽ ስም ይዤ ማንን ልፈልግ?
«አግብተሃል?»
«ኒካው ለመስከረም ነው።»
ብዕሯን አስቀመጠች። ምንም አላለችም።
የመጀመሪያዋን ፍሬ እዚያው፣ ፊቷ ዋጥኩ።

እርጥብ ሳንቃ ሲገዙት ቀጥ ያለ ይመስላል፤
ጠማማነቱ ወር ሲጠግብ ይታያል፤
ይሰነጠቅ ይሆናል፣ ወይ ይጎብጣል፣
ወይም እንዳማረበት፣ እንደ ቀና ይደርቃል።
ይህን መጠበቅ አውቃለሁ፣ አናጢ ነኝ፤
በእንጨት ነበር እንጂ
በደሜ አላውቀውም።

ማታ መኪያ ደወለች። «አልጋችን ደረሰ?»
«ዋንዛው አልደረቀም» አልኳት። «ሦስት ወር ይፈልጋል።»
ሳቀች። «ባለፈው ደርቋል አላልከኝም?»
ሜትሩን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁት፤
ሰበብ እስከ የት እንደሚደርስ ይለካ ይመስል።
ተጠቅልሎ በራሱ ገባ።
«መኪያ፣ ነገ ከዙሁር በኋላ ሱቅ ነይ።
በስልክ የማይሆን ነገር አለኝ።»
ዝም አለች።
ያን ዝምታ የምለካበት የለኝም።

ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለተኛዋን ዋጥኩ።
ከአልጋው ራስጌ ጀርባ፣ ሰው ከማያየው በኩል፣
በእርሳስ ሁለት ጭረት።
ሃያ ስድስት ይቀራል።