የአስር ሰዓቱ ባቡር

ምዕራፍ አንድ «ታሪክ» ነው፤ ይቆይ፣ አትግለጡ፤
ማራገቢያው ቆሟል፣ በሩ ጋ ተቀመጡ።
መጽሐፉ ያወራል ስለ ባለፋኖስ፣
በባዕድ ጦር ሜዳ ቁስለኛ ስትዳስስ።
ትክክል ነው፤ አጥኑት፤ ለፈተና ይሆናል።
እኔ የማውቀው ፋኖስ ግን በጥርስ ይያዛል፦
መብራት በጠፋበት በሰኔ ወበቅ ሌት
ስልኬን ነክሼ ነው ሁለት እጄን ያገኘሁት።

ጋሽ ሮብሌ ዋይስ፣ የምድር ባቡር ሰው፣
ግራ እጅና እግራቸው ባንድ ሌት የከዳቸው፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ሐዲድ የጠበቁ፣
በፉጨቱ ብቻ ነጂውን የሚያውቁ፣
አልጋ ቁጥር ሰባት፣ እንደ ቆመ ፉርጎ፣
ተኝተው ነበረ — ማን ይግፋው፣ እንዴት አድርጎ?

እኔ ያኔ ተማሪ፣ ጋውኔ ገና አዲስ፣
ከመርፌ በስተቀር የማይታየኝ ፈውስ።
ሲስተር ነፊሳ አብዶሽ፣ ከሐረር የመጡ፣
ቃል የማያበዙ፣ ቁጣም የማያጡ፦
«በየሁለት ሰዓቱ አገላብጫቸው፤
ዳሌ፣ ተረከዙን ዳስሺ — ጋለ ወይ ቆዳቸው?
አንሶላው ላይ አንዲት ሽብሽብ እንዳትቀር፤
ሽብሽብ ቁስል ሆና ትገኛለች ሲያድር።»

«ይኸው ነው?» አልኩ በሆዴ፤ አኮረፍኩ፣ ተቀየምኩ፤
«አስራ ሁለት ዓመት ፊደል ለዚህ ቆጠርኩ?»

ሁለት ሰዓት ግራ፣ አራት ሰዓት ቀኝ፣
ስድስት ላይ በጀርባ፤ ስምንት ላይ ደከመኝ፤
አስር ሰዓት አልፎ ከወንበር ሳልነሣ
ከአልጋ ቁጥር ሰባት ድምፅ መጣ፣ የሳሳ፦
«የአስር ሰዓቱ ባቡር፣ ልጄ፣ ዘገየሳ!»

ግማሽ ከንፈራቸው ሳቀ።
ግማሹ አልሰማም።
እኔን የሐፍረት ላብ አጠበኝ።

ከዚያ ሌት በኋላ ለጎናቸው ስም ወጣ፦
ሲዞሩ በግራ «ሽንሌ ልንገባ ነው»፣
ሲዞሩ በቀኝ «ሁርሶንማ አለፍነው»፣
በጀርባ ሲተኙ «ድሬ ነን፤ ውረጂ፤
ውሃ አጠጪኝና ደግሞ እንሂድ እንጂ።»

አንድ ሌት የዘር ሐረጋቸውን ቆጠሩልኝ፣
አሥራ ስምንት አባት፣ ሳይሳሳቱ።
«ያንቺስ?» አሉ፣ የጋውኔን ጫፍ ይዘው።
እኔም ጀመርኩ፦ እኔ የነፊሳ፣
ነፊሳ የድሬሰር ወሰኔ፣ መርፌ በጣሳ የሚቀቅለው፣
ወሰኔ ደግሞ ስሟ ያልተጻፈ የአንዲት ሴት፤
ሐዲዱ ሲነጠፍ ወባ ለጣለው መንገደኛ
ደጇን ከፍታ ውሃ የያዘች።
«ማን ትባል ነበር?»
«አልተመዘገበም።»
«እንግዲያ ታሪኩ ጎደሎ ነው» አሉና
ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ፈተናው ላይ መጣ፦ «ጤና ምን ማለት ነው?»
ቃል በቃል ደገምኩት፣ ዳዊት እንደሚደገመው፤
ሙሉ ማርክ።
ያንኑ ጥያቄ ግን፣ ቀፊራ ገበያ፣
ሎሚ ሻጯ ሳትማር ትጠይቃለች፦ «ፈያ?»
«ጤና ይስጥልኝ» ይላል አንዱ ባጃጁን አቁሞ፣
«ነበድ» ይላል ሌላው ግመሉን አስቀድሞ።
አገሩ ሲነጋ ጤና ይጠያየቃል፣
መልሱን ሳይጠብቅ ግን መንገዱን ይቀጥላል።
የኛ ሙያ፣ ልጆች፣ ሌላ መሠረት የለው፤
መልሱን ለመስማት ነው ቁጭ የምንለው።

«ደህና አደሩ ወይ?» አልኳቸው አንድ ጠዋት።
ጋሽ ሮብሌ አሰቡ፣ እንደ ሒሳብ ሹም፦
«እጄ ሞቷል። እግሬ ሞቷል። ጎኔ አልቆሰለም።
ሌሊት ሰው ጠራሁ፤ ሰው መጣ።
ደህና ነኝ።»

ልጃቸው ሆዳን ማገላበጡን ለመደች፤
ገንደ ቆሬ ወስዳ ሦስት ዓመት አስታመመች።
አንድ ቀን ዋርድ መጣች፤ በር ላይ ቆማ አለች፦
«አባዬን ሊያጥቡ የመጡት ሽማግሌዎች
ገላውን አይተው ‹ይህ ሰው አልጋ ላይ አልኖረም›
ብለው ተከራከሩኝ።»

ዲፕሎማዬ ግድግዳ ላይ ነው፤ አቧራ ጠጥቷል።
ይሄኛው የት ይሰቀል?

በሉ አሁን ተነሡ፤ እጃችሁን ታጠቡ፤
ታሪኩን፣ ምዕራፍ አንድን፣ ስትመለሱ ታነቡ።
ቧንቧው ደርቋል፤ ጀሪካኑ በሩ ጋ ነው።
ሳሙና ቆጥቡ።