ወሩን የሳተ ሳል

ጉንፋን ያኔ ጨዋ ነበር፣ ቀኑን የማይስት እንግዳ፤
ሐምሌ ላይ ከዝናብ ጋራ፣ ጫማውን አራግፎ በረንዳ፣
ጥቅምት ላይ ደግሞ ዞር ብሎ፣ ለአንዲት አጥንት ደጅ ሊጠና።
እኔም ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጎን፣ ፊቴን አዙሬ ወደ ጎዳና፣
የሳል ሽሮፕ እደረድር ነበር፣ ሰኔ ሳያልቅ ገና።

ደብተሬ ይመሰክራል፤
በአንድ ሐምሌ ሁለት መቶ ጠርሙስ፣
ግማሹ በዱቤ፣ ግማሹ በማንኪያ ልክ
ጎረቤት ከጎረቤት ሲዋዋስ።
ታክሲ ውስጥ ሰው ሲያነጥስ
ከሹፌሩ እስከ ኋላ ወንበር
«ይማርህ!» ነበር።
«ያኑራችሁ!» ነበር።

መጋቢት መጣ።
አፍና አፍንጫ ተሸፈነ፣ በርሜል ውሃ ከየደጁ ቆመ፤
ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ታክሲው በግማሽ ተሸከመ።
አንድ ቀን ከአራት ኪሎ ስንመጣ
አቶ ዘውገ፣ የሰዓት ሠሪው፣
ጭንብላቸው ውስጥ አነጠሱ።
መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ።
«ይማርዎ» ያለ አልነበረም፤ እኔም አላልኩም።
ራሳቸው ለራሳቸው፣ በቀስታ፣ «ይማረኝ» አሉና
«ወራጅ አለ» ብለው
ሳይደርሱ ወረዱ።

ያ ሐምሌ ዘነበ፤ ጉንፋኑ ግን የት እንደገባ እንጃ!
ደብተሬ ላይ ሦስት ጠርሙስ።
ሦስት!
ሌላው አቧራ ለብሶ ቀኑ አለፈበት።
እኔ የሳል ነጋዴ፣ በሰው ጤና ከሰርኩ ልበል?
ጤና ነው እንዳልል፣ ደጄ ላይ አንድ ጎረምሳ
«ኦክስጅን የት ይገኛል?» እያለ ያለቅሳል።

ከዚያ ጭንብሉ ከአፍንጫ ወደ አገጭ፣
ከአገጭ ወደ ኪስ ወረደ።
ጉንፋንም ወሬ የደረሰው ይመስል፣
በግንቦት ጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ዝናቡ፣ ያለ ቀጠሮው
ከች አለ።
ርቆ የከረመ ዘመድ የቤቱን ልጆች አያውቅ፣
እነሱም አያውቁት።

ምዕራፍ፣ የእሴተ ልጅ፣ በዚያች መጋቢት የተወለደች፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ንፍጥ ሳይነካት ያደገች፣
ደረቷ ሲር ሲር እያለ በእናቷ ትከሻ መጣች።
«በዚህ ፀሐይ ምን ብርድ መታት?» አለችኝ እሴተ።
ምን ልበላት?
ማንም ያላስተዋወቃትን እንግዳ
በአንድ ቀን፣ ከነሻንጣው ተቀበለች ልበላት?
መደርደሪያዬ ባዶ፤ «ሰኔ ሩቅ ነው» ብዬ አላዘዝኩም።
ወደ ሐኪም ላክኋት፣ የታክሲውን ከኪሴ ሰጥቼ።

ማታ ዘግቼ ስሄድ፣ ታክሲው ጢም ብሎ፣
አነጠስኩ።
ዝምታ።
ቸርችልን ወርደን፣ ፖስታ ቤቱን አልፈን፣
ከኋላ ወንበር፣ የማላየው ሰው፣ ዘግይቶ፣
«ይማርሽ» አለ።
«ያኑርህ» ልል ስዞር
ሳል ቀደመኝ።