አሥራ አንደኛው ደቂቃ

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ድርግም ይላል።
ሳያስጠነቅቅ፣ ሳያቃስት፣ አንዲት ቃል ሳይል፤
«እኔ አመልካች ይመር እብሬ...» ስል ጣቴ አየር ላይ ይቀራል፤
ጥቁሩ ስክሪን የራሴን ፊት ይመልስልኛል።

መጀመሪያ መብራት ኃይልን ረገምኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው።
አምፖሉ ግን በርቷል፤ የጦይባ ፍሪጅ ከግድግዳው ማዶ ያንጎራጉራል እንደወትሮው።
ማራዘሚያ ቀየርኩ። ስታቢላይዘር ተዋስኩ ከልብስ ሰፊው።
«ቫይረስ ነው» አለኝ የጦይባ ልጅ፣ ገና ስምንተኛን ያላለፈው፤
ፎርማት አደረገልኝ። ፎቶዎቼ ሄዱ፣ የእናቴ የመጨረሻ ሳቅ አብሮ ሄደ፤
እሱ ግን ያው በአሥራ አንድ ደቂቃው ነጎደ።

በነጠላ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሐረጎን ወጣሁ።
«ሕፃኑን አሞት ነው?» አለ ረዳቱ። «አዎ» አልኩት፤ ለመሳቅ ጉልበት አጣሁ።
ደሴ ጉም ውስጥ ናት፤ ፒያሳ ላይ መኪናው በቀን መብራት አብርቶ፣
ሙሔ ጥገና ቤቱ ውስጥ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ፣
ጠዋት አስነሳው። እስከ ማታ አልጠፋ! እንዲያውም ፊልም አየበት፤
«እህቴ፣ ይሄ ከኔም ይሻላል» አለና ሁለት መቶ ብር ተቀበለበት።

ተመለስኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ።
ደግሜ ወጣሁ። ደሴ ላይ ጤና፣ ኮምቦልቻ ላይ ሲቃ።

በሦስተኛው፣ ሙሔ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ቆየና፣
«የት ነው የምታስቀምጪው?» አለኝ።
«አባቴ ክፍል፣ ቱታው ከሚሰቀልበት ሚስማር ሥር።»
«ሞቆት ነዋ» አለ። «እዚህ ብርዱ ነው ሲሸፍንለት የነበር።»
አራት ብሎን ፈታ፤ ጎኑን ከፈተው፤
ፋኑ ባዘቶ ተከናንቦ ተኝቷል፤ መዞር ከተወ ስንት ጊዜው!
በቆንጥጦ፣ በብሩሽ፣ በትንፋሹ እፍ እያለ አወጣና
ፌስታል ውስጥ ጠቀጠቀው፤ «ትራስ ይወጣዋል» ብሎ ሳቀና
ሳቁን አቋረጠው። ፊቴን አይቶ ይሆን?

አባቴ ፌስታሉን ፈታ።
ሃያ ስምንት ዓመት፣ ፈትል ክፍል። ማታ ማታ
ያን ነጭ ቅንድቡ ላይ ይዞ ሲገባ፣ እናቴ በር ላይ ቆማ
«ዛሬም ሸበትክ» ትለው ነበር፤ ታጥቦ ይወጣል፣ ጎልማሳ።
አሁን ሽበቱ አይታጠብም። ወሬ ጀምሮ መሐል ላይ ይቆማል፤
ትንፋሹ እስኪመጣ እጁን ያነሳል፤
እንጠብቀዋለን፤ ከቆመበት ይቀጥላል።
እሱን ደሴ አይሸፍንለትም፤ ብርዱ ይብስበታል።
ሐኪሙ ግን ልክ እንደ ሙሔ፣ «ጤነኛ ነህ» ብሎታል።

ከባዘቶው ቆነጠረ። ጣቱ ለምዶበት ኖሮ
ሳያስበው አከረረው፤ ክር ሆነ፣ ቀጭን፣ ጠንካራ፤
ወደ መስኮቱ ይዞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ድሮ፣
«ሃያ አንድ ቁጥር» አለ። «የኛው ነው።»
ከዚህ ሌላ አልተናገረም፤ ክሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ተኛ።

ሌሊት አስነሳሁት።
ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ፤ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁት።
አሥራ ሁለት።
ፋኑ ይዞራል፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ማንንም ሳይለምን።
«እኔ አመልካች ይመር እብሬ፣ የፈትል ክፍል ሠራተኛ...»
ጻፍኩ፤ ሁለተኛው ገጽ ገባሁ፤
ባለፈው «ማስረጃ አያይዝ» ተብሎ የተመለሰበት ቦታ ደረስኩ።
ከመጋረጃው ጀርባ አባቴ አሳለ። አቆመ።
ጣቴን ይዤ ጠበቅሁ፤
ስክሪኑ በርቷል፤ እኔ የምጠብቀው ሌላ ነው።
ቀጠለ።

ከፊርማው ቦታ ዝቅ ብዬ ጻፍኩ፦
አባሪ፦ ክር፣ አንድ ክንድ።