ጉርድ ፎቶ

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ስትገባ
ከወረዳው አጥር ተለጥፋ የቆመች
ሁለት በሁለት የሆነች የቆርቆሮ ቤት አለች፤
«ጉርድ ፎቶ በአምስት ደቂቃ» ትላለች።
የእኔ ናት።
ሥራዬ ሰውን ከደረቱ መቁረጥ፣
መብራት ሲሄድ በር ከፍቶ ፀሐይ መለማመጥ።

ሩመይሳን መጀመሪያ ያነሳኋት
ከጅዳ በመጡ በሳምንቱ፣ የሰባት ወር ልጅ ሳለች ነው።
መቀመጥ አትችልም።
መመሪያው ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይታይ ይላል።
እናቷ ሰዓዳ ከነጩ ጨርቅ ጀርባ ገባች፣
ከጨርቁ ጋር ጎኗን ይዛ ደገፈቻት።
መደቡ ይተነፍስ ነበር።
«ማስረጃ አምጪ» የተባለችው እሷ፣
ማስረጃውም እሷው፤
እኔም አሳምሬ ደበቅኋት።

ወረቀቱን አሳየችኝ፣ ቆንስላው የሰጣት፣
ለአንድ ጉዞ ብቻ፣ ለመግቢያ እንጂ ለሌላ የማይሆን፤
«ዜግነት፦ በመጣራት ላይ» ይላል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።
ስሙ ይለፍ ነው።
ይለፍ ተባለና አለፈ፤
ቀኑ አለፈ፣ ማኅተሙ ረገፈ፣
ሳታልፍ የቀረችው ልጅቷ ናት።

ከዚያ በየስድስት ወሩ፣
«የቆየ ፎቶ አንቀበልም» ስላሉ።
ጥርስ በቀለ፤ ፎቶ።
ጥርስ ወለቀ፤ ፎቶ።
ፋይሉ ግን ያው መስኮት ቁጥር አራት፣
ዛሬ ሲስተም የለም፣ ነገ ኃላፊው ስብሰባ፣
ከነገ ወዲያ ደብዳቤው ከጅዳ ገና አልገባ።
የገባ ዕለት ደግሞ
የእናትየዋ ስም በአልፋው አ ነው ወይስ በዓይኑ ዐ ተባለና
ሰዓዳ በዓይን እየታየች
በዓይኑ ዐ ጠፋች።

ሦስት ምስክር፣ ስትወለድ ያዩ።
ያየችስ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች፣
ከላይኛው ፎቅ የምትሠራ፣ ማሪቴስ የምትባል፣
ፎጣ አሙቃ፣ በሩን በጀርባዋ ገጥማ የያዘች።
እሷን ከየት ኮንዶሚኒየም እናምጣት?

«አገጭ ቀና። ጆሮ ይታይ። አትሳቂ።»
አራት ዓመቷ ላይ ይህን ስላት ይብስባት ነበር፤
አሥር አበላሽቼ አንድ አገኛለሁ።
ስድስት ሲሞላት መጣች፣ ተቀመጠች፣
«አትሳ...» ልል አፌን ስከፍት
ቀድማኝ ጨርሳለች።
አንዴ አነሳሁ። በቃ።
«ጎበዝ» አልኳት።
ያን ቀን ሒሳቡንም ጉርድ አደረግሁት፣ ግማሹን መለስኩ፤
ቃሉን ግን እንዴት እመልሰዋለሁ?

አንድ ማታ ሥራ ሲፈዝ
አሥራ አራቱን ሩመይሳ ከኮምፒውተሩ አውጥቼ
በተርታ ደረደርኳቸው።
ሰልፍ ሆኑ።
ትንሿ ከፊት፣ ትልቋ ከኋላ፣
ሁሉም ወደ እኔ የሚያዩ፣
መስኮቱ እኔ ነኝ የሚመስል።
አጠፋሁት።

ባለፈው ሐሙስ ለአሥራ አምስተኛው መጣች።
ያተምኩትን ተቀብላ አገላበጠችው።
«ጋሼ፣ እግሬስ?»
«ወረቀቱ እግር አይፈልግም።»
«የመሄጃ ወረቀት አይደለም እንዴ?»
ዝም አልኩ።
«ታዲያ በምኔ ነው የምሄደው?»

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ በሩ ላይ አቆምኳት።
የኮዬ ዋልካ ታውቃላችሁ፣
የረገጠውን ሁሉ ይይዛል፣
የት ተወለድክ አይል፣ ፊደል አይመርጥ።
አንዱን እግሯን ስታላቅቅ ሌላው ሲሰጥም፣
ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ሲቀር፣
ሳቀች፤
ቁልፉን ነካሁት።

መስኮት ቁጥር አራት ይህን አይቀበልም።
መደቡ ነጭ አይደለም፣ ጥርስ ይታያል፣ አንድ ጫማ ይጎድላል፤
ከኋላ ደግሞ ሰዓዳ አለች፣
የተሰበረ ጃንጥላ ይዛ፣ ከነሙሉ ቁመቷ።
መብራት ሲመጣ አትመዋለሁ።