ቤት ሲመታ

ግላስጎው ይዘንባል፤ አሮጌ መጋዘን፤
ላክላን ፒያኖው ላይ፣ የአስራ አንድ ገጽ ሐዘን።
አዘጋጇ ሞርቨን ጉንጯን ከወለሉ
አጣብቃ ቆየች። እጆቿ «የታል?» አሉ፤
«ለመስሚያ ጆሮ ነው፤ የታል ለእኔ ቃሉ?»

«ግጥሙ ቤት ይመታል!» አለ ላክላን ተቆጥቶ፤
ሩሪ አስተረጎመ፣ ሻዩን ግማሽ ትቶ።

እሷም ሁለት ቃላት በጣቶቿ ሳለች፦
«እናት»፣
«የታሰረች»፤
የእጇን ቅርጽ ሳትለውጥ።
«ቤት ይኸ ነው» አለች።

(እናቷ ትምህርት ቤት፣ መዳፏ ላይ ቁጭ ብላ፣
በእጅ እንዳታወራ ተከልክላ
አድጋለች። ይህን ግን አልነገረችውም።)

ላክላን አስር ገጹን ቀዶ ያንኑ ማታ
ከመድረኩ ሥር ገብቶ አንዴ ከበሮ መታ።
ጠበቀ።
ከላይ፣ በጨለማው፣ ባዶ ተረከዟ
መለሰ፤ ሁለቴ።

ቤት መታ።