ሁለት ዱላ፣ አንድ እንቁላል

ከመኪና ግርግር፣ ከሲንጀሮች ሰፈር፣
ከሦስተኛው ደጃፍ፣ አው ረምዚ ነበር።
እኔ ከእግሩ ሥር ሆኜ፣ ቁርጥራጭ ስለቅም፣
(ቁምጣዬን የሰፋው እሱ ነው፤
እስከ ዛሬ ድረስ ዋጋውን አልከፈልኩም።)

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ቦንዳው ሲፈታታ፣
በጅጅጋ ዞሮ፣ በግመል ተጭኖ፣ ኬላውን የረታ፣
ሌላው ሰው ሱፉን ነው፣ ገበሩን ነው የሚያይ፤
እሱ ምላጩን ይዞ፣
ዓይኑ ቁልፎቹ ላይ።

የነሐስ ናቸዋ! የወርቅ ቅብ የጠጡ፤
ባሕር ማዶ፣ ሣሩ ከታጨደ ሜዳ፣ ከማን ደረት እንደመጡ
ማን ያውቃል ያን ጊዜ? ጎልፍ የሚሉት ነገር
ሐረር መች ተሰማ፣ በጀጎል መች ነበር።
አንዷ ላይ ዘውድ አለ፤ አንዷ ላይ የዛፍ ቅጠል፤
አንዷ ላይ ሽመላ፣ ባንድ እግሯ ቆማ ሰው የምትጠብቅ ይመስል፤
አንዷ ላይ ሁለት ዱላ፣ ተመሳቅሎ ቆሞ፣
ከሥሩ ድቡልቡል፣ እንቁላል የሚያህል፣ ብቻውን ተጋድሞ።

«የዶሮ ነጋዴ ማኅበር ነው» አለኝ፣ ጫት እያላመጠ፣
«ዱላው ለሸለምጥማጥ፤
እንቁላል ለሰረቀ፣ ጫጩት ለዋጠ።»

ይቆርጣል። በምትኩ ለገዢው ጥቁር ፕላስቲክ ይተክላል።
«የማታውቀውን ማኅበር ደረትህ ላይ አትሸከም» ይላል።
የቆረጣትን ግን በአመድና በሎሚ ያሻል፣
ሸሚዙ ላይ ያብሳል፣
ጥርሱን ነካ አድርጎባት፣ ወደ ኒዶው ጣሳ፣
ኳ!

ያንድ ኮት ሙሉው ሰባት ነው፤
ሦስቱ የደረት ነው፣ አራቱ የእጅጌ።
ቁጥር የተማርኩት እዚያ ነው፣ ልቤን ጣሳው ውስጥ አድርጌ።
«ቁልፍስ ቁልፍ ናቸው፤ ግን በራቸው የት ነው?» እለዋለሁ አንዳንዴ።
«አንተ ክርህን ልቀም።»

አንድ ቀን መጡበት። አብዮት ጥበቃ ናቸው፤
አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ ጠመንጃው ከብዷቸው።
ጣሳውን ገለበጡት። ወለሉ በወርቅ ተሸፈነ።
«የየት ጦር ነው ይሄ? ማን አለቃ ሆነ?»
«የዶሮ» አላቸው። እውነቱን ነው፤ የሚያውቀው ያን ነበር።
በጥፊ መለሱት። አራት ሌሊት አደረ፣
ሲሚንቶ ላይ፣ ያለ ጋቢ፣ ያለ መርፌ፣ ያለ ክር።

ሲፈታ፣ ጣሳውም አብሮት ተፈታ።
ቆጠርን። ደገምን።
ከሽመላዎቹ አንዷ የለችም፤ የእጅጌዋ፣ ትንሿ።
ስለ ጥፊው ምንም አላለም።
ከዚያ ወዲህ ግን ሰላም ሲሉት የሰው ፊት አያይም፤
እጅ ሲዘረጉለት፣
እጅጌ ነው የሚያየው።

ዓመት ያልፋል፤ ቀበሌውም ስሙ ይለወጣል፤
ሸዋ በር መሬት ላይ ካሮት ተዘርግቶ ይሸጣል፤
ከሻጯ ጉልበት ሥር ሕፃን ይጫወታል።
የሸሚዙ አንገት ላይ፣ ባንድ ክር ተንጠልጥላ፣
ባንድ እግሯ የቆመች፣ ያቺው ሽመላ።

እጄን ዘረጋሁኝ። እጄን መታኝና
ከኮሌታው ሥር መርፌውን አወጣ፤
ልጁ ፊት፣ ካሮቱ መሐል፣ ተንበረከከ።
አምስት ጊዜ ወጋ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ።
«ምን እያደረክ ነው?» አለች እናትየው።
«ወፊቱ እንዳትበር» አላት።

የጀጎልን ግንብ ታክከን ስንመለስ አንድም ቃል አልወጣው።
ሱቁ ደርሰን ወንበሩን ሲስብ ነው ያጉረመረመው፤
«ጥቁር ክር ነበር የያዝኩት።
ቢጫ ነበር የሚሄደው።»