አየር መንገድ

«አያቱን ነው የመሰለው፣ ያንኮራፋል» አሉ፤
ሙሐረቅ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ሳቀ ዘመድ ሁሉ።
«ቅድመ አያቱ ዕንቁ ጠላቂ ነበር» አለች አክስቱ፣
«ትንፋሽ መያዝ ያውቃል፣ በደሙ ነው ብልሃቱ።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። የምተኛው ካልጋው ሥር፣
ሌሊት የምሰማው እኔ ነኝ የጃሲምን ምስጢር፦
ይስባል፣ ይስባል፣ እንደ ደረቀ ቧንቧ፣
ካንገቱ በታች ያለችው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ ገባ፤
ከዚያ ጭጭ።
እቆጥራለሁ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባት ላይ ስደርስ፣
ከንፈሩ ቀለም ሲቀይር፣ ሰማያዊ ሲለብስ፣
ዘጠኝ ላይ፣ ተወራጭቶ፣ እስኪመጣ እስትንፋስ።

ጠላቂ እንኳ ከላይ ገመድ የሚስብለት ሰው አለው፤
የዚህን ልጅ ገመድ ማን ነው የያዘው?

አንድ ሌሊት ደንግጬ በደረቱ አስተኛሁት፤
ትንሽ አገጩ ወደ ፊት ሲወድቅ አየሁት፤
ምላሱ ከጉሮሮው በር ላይ ተነሣ፣
ተንፈስ አለ ልጁ፣ ውሃ እንዳገኘ ዓሣ።

እናቱ ኑፍ ግን፣ «ሕፃን በሆዱ አይተኛም፤
ትርንጎ፣ ሞግዚት እንጂ ሐኪም አይደለሽም።»
እውነቷን ነው። ሐርቡ የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ነው።
ዲፕሎማ የለውም ጆሮ፤ ሰማ ወይ አልሰማ ነው።
በስልኬ ቀዳሁት፣ ሦስት ሌሊት ሙሉ፣
ማንኮራፋቱን፣ ማቃሰቱን፣ ከነዝምታው ሁሉ።

በድልድዩ ተሻግረን፣ መናማ፣ ሆስፒታል።
ዶክተር ኩሩቪላ መነጽሩን አውልቆ፣
ስልኬን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የራሱንም ትንፋሽ አምቆ
ሰማ።
ቀጥሎ በትንሽ መብራት የልጁን አፍ አየ፤
ላንቃው በስተኋላ፣ ሲወለድ ያልታየ፣
ተሰንጥቋል። የራስ ቅሉን አነሡት በጨረር፤
«መጅራ አልሀዋ» አለ ዶክተሩ፣ «ጠባብ ነው፣ እንደ ክር።»

ባማርኛ ቃሉን ሳዞረው፦ አየር መንገድ።
እኔም በዚሁ ስም ነው የወጣሁት ልሰደድ፤
መስኮት ጥግ ተቀምጬ፣ ጉሮሮዬ ታፍኖ፣
ሻንጣዬ ሃያ ሦስት ኪሎ፣ ሆዴ ባዶ ሆኖ።
ሳቅ አመለጠኝ። ኑፍ ገላመጠችኝ።
ላስረዳት ብል እንኳ ቋንቋዋ አጠረችኝ።

መንጋጋውን ግራና ቀኝ ቆረጡት በመላ፤
ብሎን አኖሩበት፣ ጫፉ ወጥቶ ከጆሮው ኋላ።
«ጧት ግማሽ ሚሊሜትር፣ ግማሽ ደግሞ ማታ፤
አጥንት ቢያጣድፉት እምቢ ይላል፤ ያድጋል በእርጋታ።»
ኑፍ ቁልፉን ያዘች፤ እጇ ተንቀጠቀጠ።
አባትየው «ስብሰባ አለኝ» ብሎ አመለጠ።

በኔ እጅ ሆነ እንግዲህ።
የሰው ልጅ አጥንት ከፈትሁ፣ እንደ ሳጥን፣
ጧት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ፣ በልክ፣ በመጠን።
ያለቅሳል፤ አዞራለሁ፤ ዐይኑ ዐይኔን ይይዛል።
ይጠላኝ ይሆን? ሕፃን ነው፤ ይረሳል።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጃሲም አገጭ አወጣ።
«ያያቱን አገጭ!» አለ ዘመድ፣ ሊጠይቅ የመጣ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ዶክተሩ ጉንጬን አየና፣
«አንቺስ? ጥርስ ታፋጫለሽ፤ ጡንቻሽ አብጧልና።
ሌሊት ሌሊት ማንን ነው የምታኝኪው?» ቀለደ።
አፌን በእጄ ከደንሁ።
ጥርሴን ነክሼ ነው አራት ዓመት የኖርሁ።
«ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይ» ብላ ነው እናቴ የሸኘችኝ፤
መንጋጋ እንደሚያልቅ ማንም አልነገረኝ።
ሁለቱ ተሸርፈዋል። ማስሞያው የሁለት ወር ደሞዝ።
ይቆይ አልሁ።

አሁን ጃሲም በጀርባው ይተኛል። ድምፅ የለም።
ድምፅ አለመኖሩን ግን ጆሮዬ አላመነም።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እቆጥራለሁ ከልምድ፤
በጣሪያው ላይ ያልፋል የሌሊቱ አየር መንገድ፤
መስኮቱ ይርገበገባል፤ ልጁ አይነቃም።
አገጬን በመዳፌ ይዤ «ላላ» እለዋለሁ።
እሱ ገና አይሰማም።